እስስት ቀለሟን የምትቀይረው እንዴት ነው?

እስስትን ቀይ ጨርቅ ላይ ብታስቀምጧት ቀይ አትሆንም። ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ ብትለቋትም ሰማያዊ አትሆንም። የዳማ ገበታ ላይ ብትወጣም ቆዳዋ በጥቁርና በነጭ አራት ማዕዘን አይከፋፈልም። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ግን ሌላ ነው፤ እስስት ያረፈችበትን ትመስላለች፣ የነካችውን ትለብሳለች እየተባልን ነው ያደግነው። ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የኖረ አንድ ቪዲዮም አለ፦ እስስቷ በባለ ቀለም መነጽሮች ላይ እየተራመደች፣ አንዱን በረገጠች ቁጥር የመነጽሩን ቀለም ትይዛለች። ያ ቪዲዮ ለመነጽር ማስታወቂያ የተቀነባበረ ነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ200 የሚበልጡ የእስስት ዝርያዎች መካከል እንዲህ የምታደርግ አንዲትም የለችም።

ቀለሟን መቀየሯ ግን እውነት ነው፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይሻገራሉ። ለውጡ የሚነሳው ከእግሯ ሥር ካለው ነገር ሳይሆን በአብዛኛው ከራሷ ሁኔታ ነው። ሲበርዳት፣ ስትፈራ፣ ስትቆጣ፣ ተቀናቃኝ ሲመጣባት፣ ስታረግዝ፣ ስትሸነፍ፣ ስትተኛ ቆዳዋ ሌላ ሌላ መልክ ያወጣል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። ቆዳው ይህን እንዴት ቻለ? እሷንስ ምን ይጠቅማታል? ለሁለቱም የተሻለ መልስ የተገኘው በቅርብ ዓመታት ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ከቆዳው እንጀምር። አንድ ነገር በሁለት መንገድ ቀለም ሊኖረው ይችላል። የተለመደው መንገድ ቀለም ያለው ንጥረ ነገር በውስጡ መያዝ ነው። በርበሬ የሚቀላው በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከነጩ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ውጦ ቀዩን ስለሚመልስልን ነው። ብትፈጩትም፣ በዘይት ብታቁላሉትም ቅላቱ አብሮት ይሄዳል። በሁለተኛው መንገድ ግን ቀለም ያለው ንጥረ ነገር ሳይኖር ቀለም ይታያል። ይህን ለማመን በዓይን ማየት ይሻላል፤ ለማየት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ አለ።

አንድ ኩባያ ውሃ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና አረፋ እንዳይበዛበት ቀስ ብላችሁ አማስሉት። ቀጭን ሽቦ አጠማዝዛችሁ ከጣት ቀለበት ሰፋ ያለ ክብ ሥሩ። ክቡን ሳሙናው ውስጥ ነክራችሁ ስታወጡት መሃሉ ላይ ስስ የሳሙና ልባስ ተወጥሮ ይቀራል። ጀርባችሁን ለመስኮቱ ስጡ፤ ከልባሱ ኋላ ጥቁር ጨርቅ ወይም ጠቆር ያለ ነገር ይኑር፤ ክቡንም ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። መጀመሪያ የመስኮቱ ብልጭታ ብቻ ይታያል። ጥቂት ቆይቶ ከላይ በኩል ሮዝና አረንጓዴ መስመሮች አግድም ይሰለፋሉ፤ ከዚያ እየሰፉ ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ። እጃችሁ ካልተንቀጠቀጠና ልባሱ ከቆየ፣ የላይኛው ጠርዝ በመጨረሻ ቀለሙን ሁሉ ጥሎ ጥቁር ይመስላል። ያኔ ሊፈነዳ ተቃርቧል።

ሳሙናው ውስጥ ሮዝም ሆነ አረንጓዴ ቀለም አልነበረም። የሆነው ይህ ነው፦ ብርሃኑ ልባሱ ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ከፊት ገጹ ላይ ይነጥራል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ገጹ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ሁለቱ ተመላሾች ሲገናኙ፣ የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ከገጠመ ያ ቀለም ይጎላል፤ ከፍታው ከዝቅታው ጋር ከተጋጨ ደግሞ ይጠፋፋሉ። የትኛው ቀለም እንደሚጎላና የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ርቀት ነው። ውሃው በክብደቱ ወደ ታች ስለሚሄድ ላይኛው ክፍል እየሳሳ፣ ታችኛው እየወፈረ ይመጣል። ርቀቱ ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል።

የእስስትም ቆዳ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ። ከሥሩ ቢጫ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀይ ቀለም የያዙ ሕዋሶች ይገኛሉ። ከእነሱ ሥር የተነጠፉት ሕዋሶች ግን የራሳቸው ቀለም የላቸውም፤ የተሞሉት በጥቃቅን ክሪስታሎች ነው። ክሪስታሎቹ የተሠሩት ከጓኒን ነው። ጓኒን የዲኤንኤ መልእክት ከሚጻፍባቸው አራት ፊደላት አንዱ ነው፤ የዓሣን ቅርፊት እንደ ብር የሚያብለጨልጨውም እሱው ነው። በእስስት ቆዳ ውስጥ የእያንዳንዱ ክሪስታል መጠን ወደ 130 ናኖሜትር ይጠጋል። በ1 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከ7,000 የሚበልጡ ክሪስታሎች ጎን ለጎን ሊሰለፉ ይችላሉ ማለት ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ፣ እነዚህ ክሪስታሎች ከብርሃኑ ጋር ለመጫወት ልክ የሆነ መጠን አላቸው።

ክሪስታሎቹ እንዲሁ አልተበተኑም። በሥርዓት ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከሞላ ጎደል እኩል ነው። በሳሙናው ልባስ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ረድፍ በረድፍ ላይ ተደራርቧል፤ ስለዚህ የሚነጥረው ቀለም በጣም ደማቅ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እስስቷ ክፍተቱን ማጥበብና ማስፋት ትችላለች።

ይህን ያሳዩት በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የፊዚክስና የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ናቸው። ጄሬሚ ቴሲዬ፣ ሚሼል ሚሊንኮቪችና ባልደረቦቻቸው ውጤታቸውን በ2015 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ያጠኑት ፓንተር እስስት የምትባለውን የማዳጋስካር ዝርያ ነው። በዚህ ዝርያ የወንዱ መልክ ከአገር አገር ይለያያል፤ በኖሲ ቤ ደሴት ሰማያዊ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ነው፣ በሌላው ወረዳ ቀይ ይበዛበታል። ተመራማሪዎቹ አረንጓዴ ሆኖ በጸጥታ ለተቀመጠ ወንድ ሌላ ወንድ ሲያሳዩት፣ በደቂቃዎች ውስጥ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫውም ወደ ብርቱካናማ ተለወጠ። ተቀናቃኙ ሲወሰድለት ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ከዚያ ቆዳውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። እንስሳው ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ነበር፤ ሲቆጣ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 30 በመቶ ያህል ጨምሯል። ተጠጋግተው ሲቀመጡ አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ። ሲራራቁ የሚመልሱት ረጅም ሞገድ ያላቸውን ቢጫውን፣ ብርቱካናማውንና ቀዩን ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚህም አልፈው ከእንስሳው የተወሰደን ቁራጭ ቆዳ የጨው መጠኑ በተለያየ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ጨው ሲበዛ ውሃ ከሕዋሶቹ ይወጣል፣ ሕዋሶቹ ይኮማተራሉ፣ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ። ቀለሙም እንደተጠበቀው ወደ ሰማያዊ ሄደ። እንስሳው በሌለበት፣ ቁጣም ፍርሃትም በሌለበት፣ ርቀቱ ብቻ ሲለወጥ ቀለሙ ተለወጠ። ከጥናቱ ሁሉ ይህ ክፍል ይማርከኛል፤ ነገሩን ለክርክር ክፍት ሳያደርግ ነው የዘጋው።

ታዲያ እስስት አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ የምትሆነው ለምንድን ነው? በቆዳዋ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የያዘ ሕዋስ የለም። ከሥር ያሉት ክሪስታሎች ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ያ ብርሃን ሲወጣ በላይኞቹ ቢጫ ሕዋሶች ውስጥ ያልፋል፤ ሁለቱ ተደምረው አረንጓዴ ሆነው ይታዩናል። ቀይ የሆነው የቆዳ ክፍል ግን ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ ላይ ቀዩን የሚሰጠው እንደ በርበሬው ቀለም አዘል ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ እንስሳው ሲቆጣ ቀዩ ይደምቃል እንጂ ሌላ ቀለም አይሆንም።

የጥቁረቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው፤ ከክሪስታሎቹ በፊት የታወቀውም እሱ ነው። ከክሪስታሎቹ ሥር ትልልቅ ሕዋሶች አሉ። የያዙት ሜላኒን ነው፤ የእኛን ቆዳና ፀጉር የሚያጠቁረው ያው ንጥረ ነገር። እነዚህ ሕዋሶች ብዙ ክንድ አላቸው፤ ክንዶቻቸው በክሪስታሎቹ መሃል አልፈው ወደ ላይ ይዘረጋሉ። የሜላኒኑ ቅንጣቶች በሕዋሱ መሃል ሲሰበሰቡ ቆዳው ነጣ ይላል፣ ሌሎቹም ቀለሞች ይፈካሉ። ቅንጣቶቹ በነርቭ ትእዛዝ በክንዶቹ ውስጥ ተሰራጭተው ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ በቀለሞቹ ሁሉ ላይ ጥቁር መጋረጃ ይወርዳል። ስለዚህ እስስት በእጇ ሁለት መሣሪያ አላት፤ ክሪስታሎቹ የቀለሙን ዓይነት ይለውጣሉ፣ ሜላኒኑ ንጣቱንና ጥቁረቱን።

የጄኔቫዎቹ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አገኙ። ከመጀመሪያው የክሪስታል ንጣፍ ሥር ወፈር ያለ ሁለተኛ ንጣፍ አለ፤ ክሪስታሎቹም ተለቅ ያሉና ያን ያህል ሥርዓት ያልያዙ ናቸው። ይህኛው ንጣፍ በተለይ የሚመልሰው ዓይናችን የማያየውን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ነው። ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ወደ ግማሽ የሚጠጋው በዚህ መልክ ስለሚመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ለምትውል እንስሳ ይህ ንጣፍ ከሙቀት መከላከያ ሊሆናት ይችላል። ላይኛው ንጣፍ ለመልክ፣ ታችኛው ለኑሮ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። ላይኛው ንጣፍ በደንብ የዳበረው ደግሞ በአዋቂ ወንዶች ላይ ነው፤ በሴቶችና በግልገሎች ላይ ሳሳ ያለ ነው። ይህ ልዩነት ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይወስደናል። ቀለም መቀየር ለመደበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በላይ መደበቅ የሚያስፈልጋቸው ግልገሎቹ ነበሩ።

እስስት መደበቂያ የላትም እያልኩ አይደለም። በጣም ጥሩ መደበቂያ አላት፤ ግን ምንም ሳትቀይር ነው የምትደበቀው። የጫካዋ አረንጓዴ፣ የቁጥቋጦዋ ቡናማ ሆና ነው የተፈጠረችው። ሰውነቷ ከጎንና ጎን የተጠፈጠፈ ስለሆነ ቅጠል ትመስላለች፤ ስትራመድም ንፋስ እንደሚወዘውዘው ቅጠል ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ነው። ዝም ብላ ከተቀመጠች ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆናችሁ ልታልፏት ትችላላችሁ። ቀለሟን ስትቀይር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከቅጠሉ መሃል ወጥታ ትታያለች።

ዴቪ ስቱዋርት-ፎክስና አድናን ሙሳሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በደቡብ አፍሪካ ድንክ እስስቶች ላይ ፈተኑት። እነዚህ ትናንሽ እስስቶች አንዳንዶቹ በደን፣ አንዳንዶቹ በሣር ሜዳ፣ ሌሎቹም በቁጥቋጦ ይኖራሉ፤ ቀለም የመቀየር ችሎታቸውም እንደ ዝርያቸው ይለያያል። ቀለም መቀየር ለመደበቅ የመጣ ችሎታ ከሆነ፣ ብዙ ዓይነት መልክ ባለው አካባቢ የሚኖሩት በብዛት መለወጥ ነበረባቸው። ሁለቱ ተመራማሪዎች 21 የዘር ሐረጎችን አነጻጽረው በ2008 ያወጡት ውጤት ይህን አላሳየም። በብዛት የሚለወጡት፣ በወንድና ወንድ ፉክክር ጊዜ ከአካባቢያቸው ጎልቶ የሚታይ ምልክት የሚያሳዩት ሆነው ተገኙ። ምልክቱን የሚያነቡት ደግሞ ሌሎች እስስቶች ናቸው። የእስስት ዓይን እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ጭምር ያያል፤ ስለዚህ ለእኛ ደብዘዝ ያለ የሚመስለን ቆዳ ለእነሱ ደማቅ ሊሆን ይችላል።

አቋሙን የሚለዋውጥን ሰው እስስት ብለን መስደባችን የታወቀ ነው። እንስሳዋ ግን የምታደርገው ስሜቷን በቆዳዋ ላይ አውጥታ ማሳየት ነው። ይህ በተለይ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ በምትኖረው፣ አናቷ ላይ ከፍ ያለ አጥንታም ጉልላት ባላት ዝርያ ላይ በደንብ ተጠንቷል። በአሜሪካ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ረስል ላይገንና ኬቨን ማክግሮው የዚህን ዝርያ ወንዶች ፊት ለፊት እያገናኙ፣ ከቆዳቸው ላይ 28 ቦታ መርጠው ቀለሙ በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚለወጥ በፎቶ ተከታተሉ። ውጤቱ በ2013 ወጣ።

ሁለት ወንዶች ሲገናኙ መጀመሪያ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ሰውነታቸውን ነፍተው ይተያያሉ። በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚታየው የጎናቸው ዝንጉርጉር መስመር ነው። መስመሩ በጣም የደመቀው ወንድ ወደ ሌላው የመጠጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከተጠጉ በኋላ ፊት ለፊት ይዞራሉ፤ አሁን የሚታየው ራስ ነው። እዚህ ላይ የራሱ ቀለም የደመቀውና ፈጥኖ የተለወጠው ወንድ ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። አንዱ የቆዳ ክፍል “እመጣለሁ” ይላል፣ ሌላው “እችልሃለሁ” ይላል። ሁለቱ መልእክቶች የተቀመጡት ተቀናቃኙ በየደረጃው በሚያየው ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያልቃል፤ አንዱ የሌላውን ቀለም አይቶ ወደ ኋላ ይላል፣ ንክሻም አይኖርም።

ተሸናፊው ምን ያደርጋል? ይጠቁራል። ላይገን በ2014 ባሳተመው ጥናት ተሸናፊዎቹ ደማቁን ቀለም ጥለው እንደሚጠቁሩና ይህም ለአሸናፊው “በቃኝ” የማለት ምልክት እንደሆነ አሳይቷል። ምክንያቱ ስለ እስስት አረማመድ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ሌላ እንሽላሊት ቢሸነፍ ሮጦ ያመልጣል። እስስት ግን መሮጥ አትችልም፤ እግሮቿ ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተሠሩ ናቸው፣ እርምጃዋም ዝግ ያለ ነው። በእግር ማምለጥ ለማይችል እንስሳ በቀለም እጅ መስጠት ሕይወቱን ያተርፍለታል።

ሴቶቹም የራሳቸው አነጋገር አላቸው። ያረገዘች የፓንተር እስስት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ታወጣለች። የየመኗ ደግሞ አረንጓዴነቷን ትታ በጥቁር ላይ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ትይዛለች። ወንዱ መልእክቱን ከሩቅ ያነባል። ካልገባውና ከተጠጋ አፏን ከፍታ ታፏጭበታለች፣ ልትነክሰውም ትችላለች።

ከንግግሩ ቀጥሎ ትልቁ ምክንያት ሙቀት ነው። እስስት እንደ ሌሎቹ ተሳቢ እንስሳት የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይ ነው፤ ጥቁር ነገር ደግሞ ሙቀት ፈጥኖ ይስባል። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በናሚብ በረሃ የምትኖረው ናማኳ እስስት የዚህ ምርጥ ምሳሌ ናት። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ጠዋት ጥቁር ሆና ትሞቃለች፤ አሸዋው ሲግል ነጣ ያለ ግራጫ ትሆናለች። አንዳንዴ ፀሐይ ያገኘው ጎኗ ጠቁሮ ሌላው ጎኗ ነጣ ብሎ ይታያል። ሁለቱ ጎኖቿ የተለያየ ትእዛዝ እየተቀበሉ ነው ማለት ነው።

ከጠላት መሸሸጉም ጨርሶ የለም አይባልም። ስቱዋርት-ፎክስና ባልደረቦቿ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለአንድ ድንክ ዝርያ አንዴ የወፍ፣ አንዴ የዛፍ እባብ ምስል አቅርበውላት ነበር። ወፍ ስታይ ይበልጥ ከቅርንጫፉ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ያዘች፤ እባብ ስታይ ግን ነጣ አለች እንጂ ያን ያህል ለመመሳሰል አልተጨነቀችም። ወፍ ቀለምን የሚለየው እባቡ ከሚለየው እጅግ በተሻለ ሁኔታ ነው። እስስቷ የምትደበቀው ጠላቷ ማየት በሚችለው መጠን ነው።

መታየትና መደበቅ እንዴት እንደሚጓተቱ ግን የሃዋይን ታሪክ ያህል የሚያሳይ አላውቅም። በ1972 ወንዶቹ ሦስት ቀንድ ያላቸው 36 የጃክሰን እስስቶች ከኬንያ ወደ ሃዋይ ለቤት እንስሳት ንግድ ተጫኑ። ሲደርሱ ጉዞው አዳክሟቸው ስለነበር እንዲያገግሙ ተብሎ አትክልት ቦታ ላይ ተለቀቁ፤ በዚያው ወጥተው ተባዙ። በኬንያ የሚያድኗቸው ወፎችና እባቦች ብዙ ናቸው፤ በሃዋይ ግን እነሱን ለመብላት የለመደ አዳኝ የለም ማለት ይቻላል። ከ50 ዓመት በኋላ በማርቲን ዋይቲንግ የሚመራ ቡድን ሁለቱን ወገኖች አነጻጸረ። በ2022 እንደታተመው ውጤት፣ የሃዋዮቹ ወንዶች ለተቀናቃኝና ለሴት የሚያሳዩት ቀለም ከኬንያውያን ዘመዶቻቸው ይልቅ የደመቀ ሆኖ ተገኘ፤ የወፍና የእባብ ምስል ሲቀርብላቸው ግን የመደበቅ ምላሻቸው አነስተኛ ነበር። ጠላት ሲርቅ የመታየት ፍላጎቱ አሸነፈ፤ ያውም በ50 ዓመት ብቻ። ለዝግመተ ለውጥ ይህ እንደ ትናንት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

የጃክሰን እስስት የእኛ ደገኞች እስስቶች የቅርብ ዘመድ ናት፤ ትራዮሴሮስ በሚባለው ወገን ውስጥ አብረው ይመደባሉ። ከእኛዎቹ አንዷን፣ በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባለው ደጋ የምትገኘውን፣ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ1845 ለሳይንስ አስመዘገባት። በባሌ የሐረና ጫካ የምትኖረው በ1995፣ ሁለት ቀንድ ያላት የባሌ እስስት ደግሞ በ1998 ስም አገኙ። በ2024 እንኳ ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ክንፍ አዲስ ዝርያ ተመዝግቧል፤ ስሙም ጀርመናዊውን የተሳቢ እንስሳት ሊቅ ቮልፍጋንግ በመን የሚዘክር ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ እንስሳት በአገራችን ደጋ አሉ። ስለ ቀለማቸው ገና ብዙ የሚጠና ነገር አለ፤ ይህን የሚያጠኑ የእኛ ተማሪዎች ቢበዙ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ድረስ እስስት ብታገኙ ቀለሟን እንዲህ ልታነቡት ትችላላችሁ። በማለዳ ጠቁራ ከሆነ በርዷት ነው፤ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጣ ብላ ከታየች ተኝታለች፤ ስትተኛ ሜላኒኑ ወደ መሃል ስለሚሰበሰብ ቆዳዋ ይፈዛል። ተመራማሪዎች እስስት መፈለግ ሲፈልጉ የሚወጡትም በዚሁ ምክንያት ሌሊት ነው። ልጆች ይዘዋት ከጨርቅ ጨርቅ ሲያዘዋውሯት የምታወጣው ጥቁር ቀለም ግን የፍርሃት ነው፤ ጨርቁን አላየችውም። “ተለወጠች!” ብለን የምንደሰትበት ጊዜ እሷ የምትጨነቅበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራትና አንዳንዱም በድንጋይ የሚገድላት ያለ ምክንያት ነው፤ እስስት መርዝ የላትም፣ ምግቧም ዝንብ፣ አንበጣና የመሳሰሉት ነፍሳት ናቸው።

ልጆች ለውጡን ማየት ከፈለጉ ሳይነኳት ይዩት። በአጥር ወይም በቁጥቋጦ ላይ ያለችውን እስስት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ፎቶ ያንሱ። ብዙ ርቃ ስለማትሄድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተመልሰው እዚያው አካባቢ ይፈልጓትና ድጋሚ ያንሷት። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲያደርጓቸው፣ ቅርንጫፉ ያው እንደሆነና የተለወጠው ፀሐዩ ብቻ እንደሆነ ራሳቸው ይነግሯችኋል።